የእንዶዴ ግዝት

ሾፌሩ የሺጥላ መሪውን ወደ አዲስ አበባ ማዞር ሲገባው ወደ አንኮበር አዞረው። ያረጀችው የካቶሊክ ቁምስና ላንድክሩዘር እንደ ልማዷ አጉረመረመችና ከደብረ ብርሃን ወጣች። ሥርጉት ከኋላ ወንበር ላይ የወንድሟን ሻንጣ በሁለት ጉልበቶቿ አጥብቃ ይዛለች። ሻንጣው ዛሬ ማታ ወደ ሮም መብረር አለበት፤ ባለቤቱ አባ ፍሥሐም እንደዚሁ። አሁን ግን ሻንጣውም ባለሻንጣውም ከአውሮፕላን ማረፊያው እየራቁ ነው።

«ቀስ በል እንጂ የሺጥላ፣ ሰው ጭነሃል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ምነው እንዲህ ተጎተትክ? እዚሁ ልንውል ነው እንዴ?» አለች።

የሺጥላ በመስታወቱ አያትና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ አንዱን ይምረጡልኝ።»

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር ነበር። ጦርነቱ ከሰሜን ወደ ሸዋ ወርዶ፣ ደብረ ሲና ተያዘች፣ የለም አልተያዘችም እየተባለ፣ ከተማው በወሬ ተኝቶ በወሬ የሚነሣበት ሰሞን ነው። ትምህርት ቤቶቹ በተፈናቃይ ሞልተዋል። የትንሿ የካቶሊክ ቁምስና አዳራሽ እንኳ እግር መርገጫ የለውም። ሥርጉት የብርድ ልብስ ነጋዴ ናት፤ ሱቋን ግን ከዘጋችው ሰንብታለች። ያላትን ሁሉ ለአዳራሹ አድላ ስትጨርስ ቁልፉን በጉያዋ ከትታ፣ «ነግጂ ያለኝ ዘመን ይህ አይደለም» ብላ ቤቷ ገባች።

አባ ፍሥሐ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአገልግሎት ዕረፍት ወስዶ ሮም ሄዶ የቤተ ክርስቲያንን ሕግ እንዲያጠና ጳጳሱ የፈቀዱለት ገና ኮሮና ሳይመጣ ነበር። ኮሮና መጣና አስቀረው። ኮሮናው ቀለል ሲል ቪዛው ዘገየ። ቪዛው በስንት ምልጃ ሲገኝ ጦርነቱ ደረሰ። አሁን ከቀረ ዕድሉ ለሌላ እንደሚሰጥ በግልጽ ተነግሮታል። እሱ ደግሞ አዳራሹን ባየ ቁጥር ልቡ ይከፈላል። ሰዉም ዝም አይልም። «አባም ሊሄዱ ነው አሉ» ይላል አንዱ። «ታዲያስ! መንገድ ያለው ይሂድ እንጂ» ይላል ሌላው፣ አባ ፍሥሐ እንዲሰማው አድርጎ።

ሥርጉት ግን ልቧ አልተከፈለም። ይሂድላት። ዛሬውኑ ይሂድላት። ሌሊት ሌሊት መድፍ የሰማች እየመሰላት ትባንናለች፤ የሚታያትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድሟ በዚያ ነጭ ቀሚሱ የቁምስናው በር ላይ ቆሞ። አባታቸውም እናታቸውም አርፈዋል፤ ከእሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የላትም።

ሁሉ ነገር እንዲህ ተሰናድቶ ሳለ ነው ትናንት ከሰዓት በኋላ ያ ስልክ የተደወለው። ሥርጉት ሻንጣ እየከተተች ነበር። አባ ፍሥሐ ካልሲዎቹን እየጠቀለለ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«አባ ፍሥሐ፣ ቄስ ገብረአማኑኤል ነኝ፣ ከእንዶዴ።»

እንዶዴ ከአንኮበር በታች ያለች መንደር ናት። አባ ፍሥሐ ወደ ደብረ ብርሃን ሳይዛወር በፊት በዚያ ያሉትን ጥቂት የካቶሊክ ቤተሰቦች ያገለግል ነበር። ቄስ ገብረአማኑኤል ደግሞ የመንደሩ የኦርቶዶክስ ደብር ካህን ናቸው። ሁለቱ በሃይማኖት ባይገናኙም በለቅሶና በሽምግልና አይለያዩም ነበር።

«አባታችን! እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ታመዋል፤ የሚሰነብቱ አይመስለኝም። ልጃቸው አቶ ያለው ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ቆሞ ያለቅሳል።»

«ለምን ተሻግሮ አያያቸውም?»

«እርስዎ ገዝተውት የለም እንዴ?» አሉ ቄስ ገብረአማኑኤል።

አባ ፍሥሐ ካልሲውን ይዞ ቀረ። ሥርጉት የፊቱ ቀለም ሲለወጥ አየች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ልጆች፣ ያለውና ታናሹ ቴዎፍሎስ፣ በመስኖ ውኃ ተራ ተጣሉ። ያለው ከወንዙ ወዲህ፣ ቴዎፍሎስ ከወንዙ ማዶ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ሁለቱም ገጀራ ይዘው ወደ ወንዙ ሲወርዱ እናትየው ጮኸው አባ ፍሥሐን ጠሩት። ሮጦ ደረሰ፤ ከነጫማው ወንዙ መሐል ገብቶ ቆመ፤ መስቀሉን አወጣና ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ፦ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን፣ እኔ ሳልፈታ ከሁለታችሁ ይህን ወንዝ የተሻገረ ውጉዝ ይሁን!» ገጀራዎቹ ወደ ታች ዞሩ። እሱም ወደ ቤቱ ሄዶ እግሩን አደረቀ። ወዲያው ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ፤ ነገሩም ከአእምሮው ወጣ።

«አባታችን፣ ያ እኮ በድንጋጤ የወጣ ቃል ነው» አለ አባ ፍሥሐ። «አልታረቁም እንዴ?»

«በዓመቱ ታረቁ እንጂ! እኔ ራሴ ነበርኩ ሽማግሌው። አንዱ ከወዲያ፣ አንዱ ከወዲህ ቆመው፣ እኔ እየተሻገርኩ አስታረቅኋቸው። ለፋሲካ በጉ በአንዱ በኩል ይታረድና ብልቱን ሚስቶቻቸው ያሻግራሉ። ያለው ልጁን ሲድር አጎትየው ከወንዙ ዳር ሆኖ ነው የመረቃት። እናትየው ነበሩ ወዲህና ወዲያ የሚመላለሱት፤ አሁን እሳቸውም ወደቁ።»

«ፈትቼዋለሁ በሉት። አሁኑኑ ይሻገር።»

«ብዬው ነበር። ‘በመስቀል የተባልኩትን በስልክ አልሽረውም’ ይላል።»

«እርስዎስ አይፈቱትም?»

«ሌላው ያሰረውን? ያሰረ ይፍታ ነው የኛ አገር ወጉ፤ የእናንተን አላውቅም። እናቱን በቃሬዛ እናሻግርልህ አልነው፤ እሳቸው ደግሞ ‘ነፍሴ ሳትወጣ ሬሳ አታስመስሉኝ’ ብለው እንቢ አሉ።»

ያ ነው እንግዲህ መኪናዋን ወደ አንኮበር ያዞራት።

ሥርጉት ስትናደድ ወንድሟን አንቱ ትለዋለች። ከተማውን ሲለቁ ጀመረችው። «እንደው አባታችን፣ ስንት ሰው አስረው የረሱ ይሆን? ካለ አሁኑኑ ይንገሩን፤ በየመንገዱ እየፈታን እንሂድ።»

«ሥርጉት፣ ተይኝ እስቲ።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

«የሚያሳዝነው እኮ» አለ አባ ፍሥሐ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «መጀመሪያውኑም አልታሰሩም። አንድ ተራ ቄስ በወንዝ ዳር ተቆጥቶ በተናገረው ሰው አይወገዝም። ሕጉ ይህን አያውቅም። እነግራቸዋለሁ፤ ሲረዱት ይቀላቸዋል።»

«ይቀላቸዋል? አራት ዓመት በከንቱ ነው የቆማችሁት ስትላቸው ይቀላቸዋል?» ንዴቷ ሲብስባት አንቱታው ጠፋት። «እንዲያ ብለህ ንገራቸውና ከነቀሚስህ ወንዝ ውስጥ ይንከሩህ።»

የሺጥላ ሣቁን በሳል ሸፈነ። አባ ፍሥሐ ከደረት ኪሱ የኮሮና ምርመራውን ወረቀት አወጣና አየው፤ መልሶ ከተተው፤ ወዲያው ደግሞ አወጣው። ከጠዋት ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። ወረቀቱ ከነገ በኋላ አያገለግልም።

ብዙም ሳይርቁ መንገዱ ላይ ገመድ ተዘርግቶ አገኙ። ጥቂት ወጣቶች ዱላ ይዘው፣ አንዱ ደግሞ ያረጀ ጠመንጃ አንግቶ ቆመዋል። የምታዛቸው ፋና የምትባል፣ የወንድ ኮት የደረበች ቀጭን ልጅ ናት። መታወቂያ ሰበሰበች። ቀጥሎ ሻንጣውን አየችው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ማታ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እሄዳለሁ» አለ አባ ፍሥሐ።

«ማታ የሚበሩ ከሆነ አንኮበር ምን ሊያደርግልዎ? ወይስ በቆላው በኩል ሊወጡ ነው? ይክፈቱት።»

ሻንጣው መንገድ ዳር ተከፈተ። ልብሶች፣ መጻሕፍት፣ ሹራብ ወጡ። ከታች በነጠላ የተጠቀለለ አንድ ነገር አለ። ፋና ፈታችው። የአባታቸውና የእናታቸው ፎቶግራፍ ነው፤ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የኖረው፣ ከነፍሬሙ ከነመስታወቱ።

አባ ፍሥሐ ፎቶውን አየ፤ ቀጥሎ እህቱን አየ። እሱ አልከተተውም ነበር።

«አባ» አለች ፋና ድምፅዋ ቀዝቅዞ፣ «ተምሮ የሚመለስ ሰው የግድግዳ ፎቶ ነቅሎ ይሄዳል? እኔ አጎቴ ከደብረ ሲና በላይ ነው ያለው፣ ግንባር። እናንተ ደግሞ ፎቶ ነቅላችሁ ትወጣላችሁ።»

አባ ፍሥሐ ስለ ጳጳሱ ፈቃድ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲው መናገር ጀመረ። በተናገረ ቁጥር የልጆቹ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ጠመንጃ ያነገተው፣ «ወደ ጣቢያ ወስደን እናጣራ» አለ። ጣቢያ ከተገባ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። አውሮፕላኑም እንዶዴም ቀረ። ሥርጉት አፏን የከፈተችው ሳታስበው ነው።

«ሁለት ወንድማማቾችን በግዝት አስሮ ረስቷቸዋል!» አለች ጮኻ። «እናታቸው ልትሞት ነው፤ ልጅዬው ወንዝ ተሻግሮ ሊያያት አልቻለም። ሊፈታቸው ነው የምንሄደው።»

ፋና ቀና አለች። «ረስተው?»

«ረስቶ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አራት ዓመት።»

«ኧረ በማርያም!» ፎቶውን በነጠላው ጠቅልላ ራሷ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠችው። «ገመዱን ልቀቁት! ምን ታያላችሁ? አባ፣ ቶሎ ይድረሱ። ሰው እንዲህ ታስሮ አያድርም።» መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብላ፣ «ሲመለሱ ግን በዚሁ ነው የሚያልፉት» አለች።

ጉም ከቆላው እየወጣ መንገዱን ይሻገራል። የሺጥላ እንኳ አልቀለደም።

«ፎቶውን ለምን ከተትሽው?» አለ አባ ፍሥሐ በመጨረሻ፣ ሳይዞር።

«እንዳይናፍቅህ ብዬ ነው።»

«ለአንድ ዓመት ተኩል?»

ልትዋሽ ፈልጋ አቃታት። «እንድትቀር ነው» አለች። «አዎ፣ እዚያው እንድትቀር ነው። አገሩ እስኪረጋጋ፣ ካልተረጋጋም ለሁልጊዜ። ሌላ ማን አለኝ? በሕይወት ካለህልኝ የትም ሁን።»

«እኔም አስቤው አውቃለሁ» አለ አባ ፍሥሐ ቀስ ብሎ። «ይህን ነው የምፈራው።»

የጎረቤላን ከተማ አልፈው መኪናዋን ከመንገዱ ዳር አቆሙና ቁልቁለቱን በእግር ወረዱት። ሥርጉት ነጠላዋን ታጥቃ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ሰዓት ሰዓቷን ታያለች። የእንዶዴ ወንዝ ስሙ ነው እንጂ ትልቅ አይደለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃው ከጉልበት በታች ነው፤ ልጅ እየዘለለ ይሻገረዋል። ሥርጉት ገና ስታየው ተናደደች። ለዚች ውኃ?

ያለው ከዳር ባለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ማዶ ያለውን የእናቱን ቤት ያያል። ድንጋዩ ከመቀመጥ ብዛት አብረቅርቋል። በማዶ በኩልም፣ ልክ ከፊት ለፊቱ፣ እንደዚያው ያብረቀረቀ ሌላ ድንጋይ አለ። ሥርጉት ሁለቱን ድንጋዮች አይታ ንዴቷ በረደ። ወንድማማቾቹ ማታ ማታ ተቀምጠው የሚያወሩባቸው ናቸው።

ያለው አባ ፍሥሐን ሲያይ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ሥርጉትን ያስጨነቃትም ይኸው ነበር።

«ቅጣታችን አለቀ አባ?» አለ።

«ቅጣት?»

«ሲበቃቸው ይመጣሉ እያልን ስንጠብቅዎ ነበር። በየፋሲካው ‘ዘንድሮስ’ እንላለን። ሰው ልከንብዎ ‘እመጣለሁ’ ሲሉ፣ ገና አልበቃንም ማለት ነው ብለን ተቀመጥን።»

ሥርጉት ወንድሟን አየችው። ሰዎች ልከው ነበር፤ ‘ለጉዳይ እንፈልግዎታለን’ ብለው ነበር። አስረውን ረሱን ብሎ ካህን ፊት የሚናገር ሰው ግን በእንዶዴ አልተወለደም። እሱም ለግብዣ መስሎት በየጊዜው ‘እመጣለሁ’ ብሎ ሰድዷቸዋል። አሁን አፉን ከፈተ። ያን በመኪና ውስጥ ያዘጋጀውን፣ ሕጉ አያውቀውም የሚለውን ሊናገር ነው ብላ ሰጋች።

አባ ፍሥሐ ግን አፉን መልሶ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ካልሲዎቹን፣ እነዚያን ለሮም መንገድ ያደረጋቸውን፣ አወለቀና ቀሚሱን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገባ። መሐል ሲደርስ ቆመ። ቴዎፍሎስ ከማዶ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ወንዙ ሮጦ ወረደ።

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» አለ አባ ፍሥሐ። ብርዱ ድምፁን አንቀጠቀጠው። «በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን፣ እዚህ ቦታ ላይ ያሰርኳችሁን ፈትቻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ።» መስቀሉን ወደ አንዱ፣ ከዚያም ወደ ሌላው አነሣ። ከውኃው ግን አልወጣም። «ቅጣት አልነበረም» አለ። «ረስቻችሁ ነው። እናንተ ስትጠብቁኝ እኔ ረስቻችሁ ነው። ይቅር በሉኝ።»

«ረስተው?» አለ ቴዎፍሎስ ከማዶ።

ያለው ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። «ረስተው ነው» አለ ለራሱ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል። ሥርጉት ዓይኖቹን አይታ ፈራች፤ አሁን የሚመጣው ስድብ ቢሆን፣ ድንጋይም ቢሆን፣ ተገቢ ነው ብላ አሰበች። ያለው ወንዙን አየው። አንድ እግሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«አያ ያለው» አለ ቴዎፍሎስ። «እማማ ትጠብቅሃለች። ሌላው ይቆየናል።»

ቴዎፍሎስ ውኃው ውስጥ ገባ፣ በአባ ፍሥሐ አጠገብ አልፎ ወዲህ ተሻገረና የወንድሙን እጅ ያዘ። አስነሣው። ያለው እንደ ሕፃን እየተመራ ገባ። መሐል ሲደርሱ ግን እሱ ቀደመና ታናሹን እየጎተተ ወጣ፤ ሽቅቡን ወደ ቤቱ ሮጠ። ከነጋቢው፣ ከነርጥብ ሱሪው ሮጠ። ሥርጉት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ሰዓቷን ማየትም ረሳች።

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። ከስተው ከስተው ከብርድ ልብሱ በታች ያሉ አይመስሉም፤ ዓይናቸው ግን ሙሉ ነው። የያለውን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አስደግፈው ጠጉሩን ያሻሻሉ። አባ ፍሥሐ ባዶ እግሩን በሩ ላይ ቆመ።

«ና ግባ» አሉ። «እግርህ ረጥቧል።»

ገብቶ ተንበረከከ። «እማማ፣ ይማሩኝ።»

«ማሰርህን አልወቅስህም። እኔው ነኝ ድረስልኝ ያልኩህ፤ ባታስራቸው አንዱ አንዱን ይበላው ነበር። ልጆቼን ያተረፍክልኝ አንተ ነህ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «መርሳትህ ነው። አስሮ የሚረሳ ሰው አልወድም።»

«አዎ እማማ።»

«ወዴት ልትሄድ ነው አሉ?»

«ሮም። ልማር።»

«አርጅተህ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ልትማር?»

አባ ፍሥሐ አንገቱን ደፋ። «ሕግ ነው እማማ። ስለ ማሰርና ስለ መፍታት።»

አሮጊቷ ሣቁ። እየሣቁ ሳሉ ሳል ያዛቸው፤ ቴዎፍሎስ ቀና አድርጎ ውኃ አጠጣቸው። ሲረጋጉ የአባ ፍሥሐን እጅ ፈልገው ያዙት። «መልካም። ተማር። ብዙ ሰው ሄዶ ይቀራል አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲረሳ አይቻለሁ።» ድምፃቸው ድንገት ጠነከረ። «ስማኝ። ልጆቼን ባጠባሁበት ጡት ገዝቼሃለሁ። ተምረህ ትመለሳለህ። ይህን ወንዝ በእግርህ ተሻግረህ፣ ካለሁ ከአልጋዬ፣ ከሌለሁ ከመቃብሬ ቆመህ ‘መጣሁ’ ሳትለኝ ውጭ አገር ብትቀር፣ ግዝቴ ይድረስብህ።»

ያቺ የደከመች፣ እጇን ማንሣት የማትችል አሮጊት፣ እሷ ስንት ወር በጸሎትና በጭንቀት የከፈተችውን በር በአንድ ቃል ዘጋችው።

«እማማ!» አለች ወደ መደቡ ተጠግታ። «እባክዎ ይፍቱት። እንዲህ አይበሉት። ዘመኑን ያዩት የለም? ጦርነት ነው እኮ!»

ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ አዩአት። «እህቱ ነሽ? ፈርተሽለት ነው፤ ይገባኛል። እኔም ለነዚህ ፈርቼ ነው ያሳሰርኳቸው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሲመጣ እፈታዋለሁ። ሰው የሚፈታው መጥቶ ነው አይደል?»

አባ ፍሥሐ የያዙትን እጃቸውን ሳመ። ፊቱ ላይ የነበረው ሥርጉት የጠበቀችው ድንጋጤ አልነበረም። ለብዙ ወራት ያላየችበት ዕረፍት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አናደዳት።

ሲመለሱ ፋና ገመዱን ከሩቅ አስለቀቀች። «ተፈቱ?» ብላ ጮኸች። የሺጥላ ጡሩንባ ነፋላት። ከሰዓቱ ጋር እየተሽቀዳደሙ ደብረ ብርሃን ገቡ። ሥርጉት እስከ አዲስ አበባ ልትሸኘው አስባ ነበር፤ የሰዓት እላፊው ሳይይዛት መመለስ ስለማትችል ግን ከበሯ ላይ መለያየት ግድ ሆነ። አባ ፍሥሐ ከመኪናው ወርዶ ሻንጣውን ከፈተ። ነጠላውን ፈታና ፎቶውን ሰጣት።

«ቦታው ላይ ስቀዪው።»

«እሳቸውን ሄጄ እለምናቸዋለሁ» አለች ሥርጉት እያለቀሰች። «ነገም ቢሆን፣ ከነገ ወዲያም ቢሆን። እግራቸው ላይ ወድቄ አስፈታሃለሁ፤ ከዚያ እንደፈለግህ ትሆናለህ።»

እሱ ግንባሯን ሳማት፤ እሷም መስቀሉን ሳመች። መኪናዋ አጉረመረመችና በአዲስ አበባው መንገድ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ፣ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ሥርጉት ወደ እንዶዴ ለመሄድ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለአሮጊቷ የሚሆን አንድ የቀራትን ብርድ ልብስ አጥፋ ይዛ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቄስ ገብረአማኑኤል ናቸው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ንጋት ላይ አረፉ፤ በሁለቱ ልጆቻቸው መካከል ሆነው፤ ቀብሩ ዛሬ ነው አሉ። ሥርጉት ብርድ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

ብዙም ሳትቆይ ሌላ ስልክ መጣ። ቁጥሩ የውጭ ነው።

«ደረስኩ» አለ አባ ፍሥሐ። ድምፁ ቅርብ ነው፤ ጎረቤት ቤት ያለ ይመስላል። «ደህና ገባሁ። እማማ እንዴት አደሩ?»

ሥርጉት የግድግዳውን ባዶ ምስማር አየች። ‘ደህና ናቸው’ ማለት ትችላለች። ሳምንት ቆይታም፣ ‘ለመንኳቸው፣ ፈቱህ’ ብትለው ማን ያውቃል? ወንድሟ በሰላም አገር ይኖራል፤ እሷም ሌሊቷን ትተኛለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ በእንዶዴ ወንዝ ዳርና ዳር ያሉት፣ በመቀመጥ ያብረቀረቁት ሁለት ድንጋዮች ታዩአት።

«አርፈዋል» አለች። «ዛሬ ንጋት ላይ።»

ከአባ ፍሥሐ በስተኋላ በማታውቀው ቋንቋ ሰው ሲጣራ ይሰማታል።

«እንግዲህ የሚፈታህ የለም» አለች ሥርጉት። ይህን ስትል ደስ አላት፤ ደስ በማለቷም አፈረች፤ እንባዋን ግን መቆጣጠር አልቻለችም። «የለም፣ ፍሥሐ። መምጣት ብቻ ነው።»

«እሺ» አለ። ቆየት ብሎ፣ «ፎቶውን ሰቀልሽው?» አለ።

«አሁን ልሰቅለው ነው» አለች፤ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ወንበሩ ላይ ወጣች።